ማጣበቂያው እስኪደርቅ

የምሥራች አለ፤ አናጢው ተቀመጠ። በገዛ እጁ በሠራው አግዳሚ ላይ፣ ያውም ከፊት በሁለተኛው ረድፍ፣ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ተቀመጠ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እሷ የምታውቀው አናጢ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሩ ጥግ ቆሞ የሚጸልየውን ነው። ግባና ተቀመጥ ስትለው፣ "ለኔ ይሄም ሲበዛብኝ ነው" ይላታል። ጠጥቶ እናቱን ከቤት ያስወጣበት ቀን አለ። መጠጡን ትቷል፣ ንስሐ ገብቷል፣ እናቱም ይቅር ብለውታል፤ እሱ ግን ለሥራ ካልሆነ በቀር ለጸሎት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከበሩ አላለፈም።

ትናንት ይህንኑ አግዳሚ ተሰንጥቆ ቢያገኘው አጣብቆ፣ ሰው እንዳይቀመጥበት ገመድ አሰረበት።

"መቼ ይደርቃል?" አለችው።

"ነገ ጠዋት ዝሆንም ይሸከማል።"

"አንተስ ንስሐ ከገባህ ስንት ዓመት ሆነህ?"

"አሥራ አንድ።"

"ታዲያ ወንድሜ፣ የእግዜር ማጣበቂያ ካንተው ማጣበቂያ አንሶ ነው ገመዱን የማትፈታው?"

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ዛሬ ጠዋት መጣና ገመዱን ፈታ፤ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እንጨቱን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ተቀመጠበት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የሚኖሩት እናቱ በየሳምንቱ "ዛሬስ ተቀመጠልኝ?" እያሉ ይጠይቋታል። ጽዳቷን ሳትጨርስ፣ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ወደሳቸው ከነፈች።