ሁለት ኮከብ የሰጠኋት ጀልባ

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ስለ ጌም እጽፋለሁ። ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ስላቃተኝ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፋለሁ። ቻናሌን የሚከታተሉት ግን ያምኑኛል፤ ኮከብ ስሰጥ ይጫወታሉ፣ ስነፍግ ይተዋሉ። ይኼ ነገር ሰውን ትንሽ ያኮራል።

አንድ ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ አንድ የኦንላይን ጌም ሆነ። ጌሙ የሚሠራው ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ አሮጌ ስልክም ይበቃዋል። አራት ተጫዋቾች ከየቤታቸው ሆነው በአንድ ጀልባ ጭነት ይዘው ሐይቅ ያቋርጣሉ፤ በቃ፣ ይኼው ነው። የውጭዎቹ ተቺዎች ሥዕሉን አድንቀው ጨዋታውን ፍርደ ገምድል አሉት። የእኛ ልጆች ደግሞ አፋቸውን አላለዘቡም። አንዱ «መሪውን ዛሬ ባዞረው ጀልባዋ የምትዞረው ነገ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ዘጠኝ ጊዜ ሰምጣ ስልኳን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። እኔም ሰባት ጊዜ ሰመጥሁ። በንዴት ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጠሁና «ይህን ሐይቅ የሠራው ሰው ሐይቅ አይቶ አያውቅም» ብዬ ለጠፍሁ። ብዙ ሰው ወደደልኝ።

በማግስቱ አባቴን ልጠይቅ ሄድሁ። አባቴ ጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ ይሠራል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የጎረቤት እህል አስጭኖ ብቻዬን ወደ ማዶ ልኮኝ ነበር፤ ብዙም ሳልርቅ ታንኳዋን ገለበጥኋት። እኔንም እህሉንም ጎትተው ሲያወጡን «እጅህ ውኃ አይሰማም» አለኝና መቅዘፊያውን ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ አላስነካኝም። ያቺ ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ታመኛለች።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለስምንተኛ ጊዜ ስሰምጥ ለካ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሣህ?»

«ጌም እኮ ነው፣ አባ።»

«ፀሐዩ አዘቅዝቋል፣ አያለሁ እኮ። ከቀትር በኋላ ማን ታንኳ ያወጣል? ነፋሱ ሲነሣ ወጣህ።»

እውነቱን ነው። በጌሙ ውስጥ ሁላችንም ጠዋቱን ገበያ ዕቃ ስንመርጥ እንፈጀዋለን፤ ከወደቡ የምንነሣው ከሰዓት ነው። ይኼ ለአንዳችንም አልታየንም። ጣና ዳር የተወለድሁት እኔ እንኳ አላስተዋልሁትም።

እንደገና ጀመርን። ገበያውን ትተን በማለዳ ወጣን። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አሁን አዙር።»

«ከፊታችን ያለው ድንጋይ ገና ሩቅ ነው።»

«ታንኳ ዘግይታ ነው የምትሰማ። ሳትደርስ አዙር።»

አዞርሁ። እኛ የኔትወርክ ጣጣ ያልነው መዘግየት ለእሱ የታንኳ ጠባይ ነው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞረች፣ ድንጋዩን ለጥቂት አለፈችው፤ ማዶ ደረስን። ጓደኞቼ በስልኩ ውስጥ ተንጫጩ። እኔ ግን የአባቴን አፍ ነበር የማየው።

«አፍንጫዋ ከፍ ማለት ነበረበት» አለ። «ጭነቱም ወደ ፊት በዝቷል። ሐይቁን ግን የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው።»

አፈርሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ኮከቦቹን አራት አደረግኋቸውና «ሐይቅ አይቶ የማያውቀው እኔ ነኝ» ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። የተከታዮቼ ስላቅ ሳምንት እንደማይበቃው አውቄዋለሁ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ተሳስቼ ነበር እያልሁ።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለሰው ሁሉ።»

አባቴ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ከተደገፉት መቅዘፊያዎች አንዱን አመጣና አጠገቤ አስቀመጠው።

«ያን ጊዜ እኔም ከቀትር በኋላ ነበር የሰደድሁህ» አለ። «ነገ በጠዋት ና።»