አባቴ በሽተኛ ጠያቂ የሆነበት ዓመት

የደም ግፊት መለኪያው ክንዴን ጨምቆ ይዞ አየሩን እያፏጨ ሲለቅ፣ ሁልጊዜ ካዛንቺስ ወደነበረው ቤታችን እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ሥራና ሐሳብ በዝቶብሻል፣ ዕድሜም ነው፣ በእግርሽ ሂጂ ስትለኝ ሳቄ መጣ። ይህን ትእዛዝ መጀመሪያ የሰማሁት ለአባቴ ሲሰጥ ነው።

አባቴ ጡረታ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ እናቴ ሞተች። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበርኩ። አባቴ በየጠዋቱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ይዘጋጅና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ግፊቱ ጨመረ፣ እግሩ አበጠ። ሐኪሙ ካልተንቀሳቀሱ ልብዎ አይችልም ብሎታል። አባቴ ግን የሰው አፍ ፈራ። ሚስቱን ቀብሮ ዓመት ሳይሞላው ቱታ ለብሶ ሲሮጥ ከመታየት ሞቱን ይመርጣል።

እኔ ደብተሬን ገልጬ ጆሮዬ የሱ ትንፋሽ ላይ ነበር። ትንሽ ዝም ካለ ልቤ ቀጥ ትላለች። እሱንም ልቀብረው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በመጨረሻ የእድራችን ዳኛ ቤት ሄጄ አለቀስኩባቸው። ቀልድ የማይወዱ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ቤታችን መጡና፣ ሳይቀመጡ፣ እድሩ የታመሙ አባላትን የሚጠይቅለት ሰው እንዳጣ፣ ከነገ ጀምሮ በየማለዳው የሚዞረው እሱ እንደሆነ ለአባቴ ነገሩት። የእድር ትእዛዝ እምቢ አይባልም። በሽተኛ ሊጠይቅ የወጣን ሐዘንተኛ ደግሞ ማንም አያማውም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ፣ ያንን ሁሉ መንገድ፣ በጥቁር ኮቱ ይመላለሰው ጀመር። የእግሩ እብጠት ጎደለ። ላብና አቧራ እየሸተተ ይገባና የማን ሳል እንደተሻለው ያወራልኛል። በየቤቱ ጨው የበዛበት ወጥ አጉርሰው እንዳይገድሉብኝ ብቻ እሰጋ ነበር። እኔም ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ማረፍ ጀመረ።

በፈተናው ዋዜማ ሳይመለስ ቀረ። ረፈደ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐዩ መንጣጣት ጀመረ፣ እሱ የለም። ያኔ ሞባይል ያለው ሰው ጥቂት ነው። በቤት ጫማዬ ወጣሁ። የሰፈሩ ባለሱቅ አባትሽን ወደ ታች ሲወርድ አይቼዋለሁ አለኝ። ዛሬ ያ ሱቅም ቤታችንም ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ ብሎኝ ነበር። ጥግ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳይ እየሮጥኩ ደረስኩ። ለካ ታክሲ የሚጠብቁ ናቸው።

ቂርቆስ፣ የአንዲት ታማሚ ሴት ግቢ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንባ ያልወጣው ሰው እያለቀሰ ነበር።

"አባዬ፣ አመመህ?"

አላመመኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ሴትየዋን ባሏ ክንዷን ደግፎ ግቢው ውስጥ ቀስ እያለ ያንሸራሽራት ነበር።

"እናትሽ ማታ ማታ፣ እስቲ ትንሽ በእግራችን እንሂድ ትለኝ ነበር" አለ። "ደክሞኛል እላታለሁ። ጡረታ ስወጣ እንሄዳለን እላታለሁ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሳዘነኝ፤ በሕይወት ስላገኘሁት ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱ ተደባልቀው እኔም አለቀስኩ። ፊቱን በመሐረቡ ጠረገና ተነሳ።

ወደ ቤት የሚያስገባው አቋራጭ ጋ ስንደርስ አልፎት በረጅሙ መንገድ ታጠፈ። ክንዴን ያዘኝ።

"ደከመሽ እንዴ?" አለኝ።

አልደከመኝም አልኩት። እግሬ ግን ዝሎ ነበር።