ጎማው ወደ ኋላ የዞረ ዕለት

ያን ዕለት በቀበሌው አዳራሽ የነበርነውን ሁሉ አስታውሳለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር። የእደ ጥበብ ማኅበሩ ኃላፊ ነበሩ፤ ሸማኔ ናቸው፣ የጥጥ ብናኝ ከጢማቸው አይጠፋም። ከጎንደር የመጣ ወጣት ካድሬ ነበር፤ የደባርቅ ጭቃ ጫማውን አበላሽቶበት በየጊዜው ጎንበስ እያለ ያየዋል። በሩ ላይ ጠመንጃውን አቅፎ የሚያንቀላፋ የአብዮት ጥበቃ ነበር። ጠላ ሻጯ ጎረቤቴም ነበረች። የጠራት የለም፤ ነገር ግን ዕቃችንን ተሸክማ አድርሳልን ስታበቃ ሂጂ ልንላት አልቻልንም። ልጄ ነበረ። እኔም ነበርሁ። ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ የት እንዳለ የማላውቀው አንዱን ብቻ ነው።

የሄድነው ልጄን የማኅበሩ አባል አድርገው እንዲመዘግቡልን ነው። በዚያ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ከየቀበሌው ወጣት ይሰበሰብ ነበር። የማኅበር አባል ሆኖ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ባለሙያ ግን ይታለፋል ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው የምለው፤ እንዲህ የሚል መመሪያ አላየሁም። የሸማኔው ልጅ አባል ስለሆነ ሲታለፍ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አባቱ ከሞተ ወዲህ በቤቱ የቀረነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ከቤት ወጥቶ ትንሽ ከቆየ በር ላይ ቆሜ መንገድ የማይ ሰው ነኝ።

ልጄ እንጨት ማዞር የለመደው ጎንደር አንድ አናጢ ቤት አንድ ክረምት ተቀጥሮ ነው። ለመደ ማለት እንኳ አይቻልም፤ አየ ብል ይሻላል። እዚያ ያየው ቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው መኪና፣ በመብራት የሚሠራ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ስላልነበረ ዓይኑን የስፌት መኪናዬ ላይ ጣለ።

«እማዬ፣ የምፈልገው እግሩን ብቻ ነው» አለኝ።

«እግር የሌለው መኪና ምን ይሠራልኛል?»

«ራሱን ጠቅልለሽ አስቀምጪው። አንድ ቀን መልሼ እገጥመዋለሁ።»

የምንበላው በዚያ መኪና ነበር። ቢሆንም ልብስ ሰፍቼ የማኖረው ልጅ ከሌለ መኪናው ምን ያደርግልኛል ብዬ ሰጠሁት። ራሱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገባሁት። ልጄ እግሩ ላይ ሁለት ወፍራም ሳንቃ አሰረ፤ በሳንቃዎቹ መካከል እንጨቱን የሚይዙ ብረቶች ተከለ፤ የመርገጫውን ጎማ ከእንጨቱ ጋር በጠፍር አያያዘው። መርገጫው ሲረገጥ ጎማው ይዞራል፣ ጎማው ጠፍሩን ይስባል፣ እንጨቱ ይሽከረከራል፤ እሱ መሮውን አስጠግቶ ይቀርጸዋል።

ችግሩ ጀማሪ መሆኑ ነው። እጁ ሲያስብ እግሩ ይረሳል። እግሩን ሲያስታውስ ደግሞ መሮው እንጨቱን ነክሶ ይቀራል። ዕድሜዬን በሙሉ መርገጫ የረገጥሁት እኔ ስለሆንሁ፣ አንድ ቀን «ተነሥ፣ አንተ እጅህን ያዝ» ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ይቀርጻል። ፍቅፋቂው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ፣ እጅጌው በጠፍሩ እንዳይያዝ ስነግረው እውላለሁ። «እማዬ፣ በእግርሽ ነው ወይስ በአፍሽ ነው የምታዞሪው?» ይለኛል።

እንጨቱን ያገኘነው ከሊማሊሞ ነው። የቆመ ዛፍ መቁረጥ ያስቀጣል። ናዳ አንድ ትልቅ ወይራ ነቅሎ መንገዱ ላይ ጥሎት ኖሮ፣ ለወታደር መኪና መንገድ የሚጠርጉት ሠራተኞች ቆራርጠው ወደ ገደሉ ዳር ገፍተውታል። ልጄ አህያ ተውሶ ቁራጩን ሁሉ አመጣው። ከዚያ እንጨት ነው ስንዝር የሚያህል የአበባ ማስቀመጫ የሚሠራው፤ መሥሪያ ቤቶች በበዓል ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አበባ እንደሚያኖሩ ጎንደር አይቷል። አፉን አያስተካክለውም። የእንጨቱን ቅርፊት ከነሻካራው ከንፈሩ ላይ ይተወዋል፤ ቅርፊቱ በመጣበት ስለሚሄድ አንደኛው ወገን ከፍ፣ አንደኛው ዝቅ ይላል። እኔ ያላለቀ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተሰነጠቁ። በኋላ ገለባ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አደረገ፣ ውስጡንም ሰም አቅልጦ ቀባው። ከእነዚያ ያማረው አንዱ ተርፎ ለዚያ ዕለት ይዘነው ሄድን።

ጎረቤቴ ባለሙያ ሴት ናት፤ ዕቃ ባዶውን ለሰው እጅ አትሰጥም። እኛ አዳራሹ ውስጥ የመኪናውን እግር ስናስተካክል ማስቀመጫውን አንሥታ፣ ከያዘችው ጠላ ሞልታ፣ በሁለት እጇ ለሊቀ መንበሩ አቀረበችለት። እሱም ተቀብሎ ጠጣ። ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሊቀ መንበሩ ከከንፈሩ ቅርፊት እየለቀመ «ይሄ ዋንጫ ጢም አለው» አለ።

«ሳይላጭ ነው የመጣው» አሉ ሸማኔው።

ልጄ «ዋንጫ አይደለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የአበባ ማስቀመጫ ነው» አለ።

«አበባ ጠላ ይጠጣል እንዴ?»

ጎረቤቴ «በዓል ከሆነ ማን ይቀራል?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ጥበቃው በሳቁ ነቅቶ ምን እንደተባለ ጠየቀ።

ካድሬው ጠላውን ደፍቶ ዕቃውን አገላብጦ አየው። «ቅርፊቱን ለምን ተውኸው?» አለ።

«ብልጠው እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ዛፉ የት ላይ እንዳበቃ ይታያል» አለው ልጄ። ትንሽ አሰበና «ደግሞ የደን ጠባቂው ሲይዘኝ ይዤው የመጣሁት ወድቆ የሰነበተ ግንድ መሆኑን ከቅርፊቱ ያውቃል» ብሎ ጨመረ።

ካድሬው ፈገግ አለ። እኔም በልቤ አለቀልን፣ ተመዘገበ አልሁ።

«እስቲ ስትሠራ እንይ» አለ።

ተቀመጥሁና ጎማውን አስነሣሁ። ልጄ አዲስ ቁራጭ ሰክቶ መሮውን አስጠጋ። የወይራው ፍቅፋቂ እንደ ክር እየተጠቀለለ ወረደ። ሸማኔው አንገታቸውን ነቀነቁ። ካድሬው ግን የሚያየው የእኔን እግር ነበር።

«እናት፣ እርስዎ የማኅበሩ አባል ነዎት?»

«አይደለሁም። እኔ መርገጫውን ብቻ ነው የምረግጥለት።»

«እንግዲያው እሱ ብቻውን ይሥራ።»

ተነሥቼ ቦታ ለቀቅሁ። የስፌት መኪና ጎማ ሲነሣ በእጅ ወደ ራስ ሳብ ካላደረጉት ወደ ፈቀደው ይዞራል። ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጀማሪ ክር የሚተበተበውም በዚህ ነው። ልጄ ግን አስነሥቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ የማስነሣው እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ «በእጅህ» ከማለቴ መርገጫውን ረገጠ። ጎማው ወደ ኋላ ዞረ። እሱ መሮውን እንደ ወትሮው አስጠግቶ ነበርና እንጨቱ ከታች ወደ ላይ መትቶ አስፈነጠረበት። መሮው ቅርፊቱን ገንጥሎ የግራ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር ሰነጠቀው። ጎረቤቴ የመቀነቷን ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት።

«ዕቃው አልተበላሸም፤ አነሣሡ ነው» አልሁ። ይህን ካሳየኋቸው ሌላ ዕድል ይሰጡታል ብዬ ነው። ጎማውን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ረገጥሁ፣ መሮውንም አንሥቼ ልጄ እንደሚይዘው ያዝሁት። እሱ እንጨት ፍለጋ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ቀጭን ፍቅፋቂ ወረደ።

ካድሬው ወደ ሸማኔው ዞሮ «ማኅበሩ ሴት አባል አለው?» አለ።

«የለውም።»

«እንግዲህ አገኘ። መኪናው የማን ነው?»

«የእኔ ነው፤ ግን የምለምነው ለእኔ አይደለም። ለልጄ ነው» አልሁ።

«ገብቶኛል፣ እናት። አንድ መሣሪያ፣ አንድ አባል ነው። አለዚያ ሁሉም ዘመዱን እያስገባ ማኅበሩ የቤተ ሰብ ይሆናል።»

ሸማኔው ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ መልሰው መዝገቡን ከፍተው የእኔን ስም ጻፉ። የእሳቸውም ልጅ እዚያው ማኅበር ውስጥ ነው። አልቀየምኋቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በደህና እጁ የሳንቃውን ጫፍ ይዞ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጓድ እማዬ» አለኝ። ጎረቤቴ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

መዳፉ ሳይሽር ወሰዱት። ወጣቶቹን ዳባት ላይ ሰብስበዋቸው ስለነበር በሶ ቋጥሬ ተከትዬ ሄድሁ። መኪና ላይ ሲያወጧቸው ከሰው መካከል ፈልጎ አገኘኝ።

«ጎማውን መጀመሪያ በእጅሽ ወደ ራስሽ» አለኝ።

«እሱን እንኳ እኔ ነኝ የማውቀው» አልሁት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ቁስሉ የታሰረበትን እጁን አነሣልኝ። የመጨረሻ ያየሁት ያንን እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አባል ነበርሁና መሥራት ነበረብኝ። የእኔም የመጀመሪያዎቹ ተሰነጠቁ። ገለባውን አበዛሁ፣ ሰሙን አቀጠንሁ፤ ቀስ በቀስ እጄ ገባ። ቅርፊቱን እሱ እንደተወው ተውሁት። የሠራሁት በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎች አመሰገኑኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስለነበር የላካቸውን ጥቂት ደብዳቤዎች ራሴ አነበብኋቸው። በሁሉም ደህና ነኝ ይላል። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ በሊማሊሞ በኩል በእግራቸው እየወጡ መጡ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ውኃ እየሰጠሁ የእያንዳንዱን ግራ መዳፍ አየሁ። አንድ የበየዳ ወረዳ ወታደር ከልጅሽ ጋር አብረን ነበርን አለኝ። የእንጨት ማንኪያ እየጠረበ ለጓደኞቹ ይሰጥ እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ ልጄን በእርግጥ እንደሚያውቀው አመንሁ። እሱ ቆስሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ልጄ በሕይወት ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቅም።

የመኪናው ራስ አሁንም ከአልጋዬ ሥር ነው። እንዳይዝግ ዘይት እቀባዋለሁ። እግሩ ግን እንጨት እያዞረ ነው።

ይህን የምጽፈው የሚያነብ ሰው ምናልባት ያየው እንደሆነ ነው። ረጅም ነው፣ ቀይ ዳማ፤ በግራ መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር ተሻጋሪ ጠባሳ አለው። ሲያወራ እጁ አያርፍም፤ ያገኘውን እንጨት ይቀርጻል። ያየው ካለ፣ ወይም የት እንደወደቀ የሚያውቅ ካለ፣ የትኛውም ቢሆን ይንገረኝ። ደባርቅ መናኸሪያ ወርዶ ቶርኖ የምትሠራዋን ሴት ቢጠይቅ ቤቴን ያሳዩታል።