የዳዊት ሹራብ ቀለም

ባለፈው ሰኞ ቤቴል አንድ ካፌ ቁጭ ብለን፣ ልጄ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ስልኳን ነካ አድርጋ ጥቁርና ነጭ አደረገችው። «ያምራል አይደል እማዬ?» አለችኝ። «ዋናውን አስቀርተሻል?» ብዬ ጮህኩ። ድንጋጤዬ ቢያስቃት ምክንያቱን ነገርኳት።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ክረምት ነው፤ ጭቃው ከደንበኛው ጋር አብሮ ይገባል፣ ደጅ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጥቁር ለብሰው ፍላሽ ይዘው መጡ። ልጃቸው ዳዊት፣ የእኔው እኩያ፣ በመኪና አደጋ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ዳዊት ቀይ ሹራብ ለብሶ ይስቃል።

«ሰዓዳ፣ ቀለሙን አጥፊልኝ» አሉኝ። «እኔ ጥቁር ለብሼ እሱ በቀይ ሹራብ ሲስቅ አንጀቴ አልቻለም።»

ቀለም ማጥፋቱ ቀላል ነው፤ ቀዩ ሹራብና ጠይም ፊቱ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑብኝ። ፊቱን ለይቼ እስካወጣው ብዙ ደከምኩ። ሲያምርልኝ በደስታ እዚያው ዋናው ላይ ሴቭ አደረግኩትና ዘጋሁት። ወዲያው ደነገጥኩ። ሌላ ቅጂ ስላላስቀረሁ ቀለሙ ከዚያ በኋላ የትም የለም። እትዬ አልማዝ የታተመውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው ሲመርቁኝ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደጃቸው ማለፍ ተውኩ።

በዓመቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ።

«ጥቁሬን አወለቅኩ። የልጄን ቀለም መልሺልኝ።»

«የለም፣ እትዬ። ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና እንባዬ መጣ።

  እትዬ አልማዝ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሹራቡን የገዛሁለት እኔ ነኝ። በይ ክፈቺው።»

እኔ እቀባለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል።

«እንደ ቲማቲም ነው?»

«አይ፣ ትንሽ ጠቆር ይበል። ቀይ ሥር እንዳታስመስይው ደግሞ።»

ፊቱ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «ምነው አቀላሽው? ልጄ እኮ ጠይም ነው!» ሁለታችንም ሳቅን። በቆሎ አስገዝተው ለሁለት ገምሰው ሰጡኝ፤ እየበላን ሠራን። ታትሞ ሲወጣ ትኩር ብለው አዩት።

«እሱ ነው» አሉ።

ልጄ ይህን ሰምታ «ግን ትክክለኛው ቀይ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። አላውቅም። እሱ አይደለም የሚቆጨኝ። እትዬ አልማዝ ዛሬ በሕይወት የሉም። በዚያ ከባድ ዓመታቸው አጠገባቸው ሆኜ አብሬ ማዘን ስችል፣ ጥፋቴን ለመደበቅ ስሸሻቸው ከረምኩ።