ይቀበሏት

እርሾ የምንላት ሴት ያደገችው በአጎቷ ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ ነው። ወላጆቿ ሲሞቱባት አጎቷ በሰው ፊት «ልጄ ናት» ብሎ ወሰዳት፤ መኝታዋ ግን የዱቄት ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ቀን ዳቦ አረረባትና አጎቷ የጋለውን ትሪ ክንዷ ላይ ለጠፈባት። ሸሽታ የጉባኤያችን መልእክት አንባቢ ወደሆነው ልብስ ሰፊ ሄደች። የእሱ ክፍል ከአልጋውና ከስፌት መኪናው ሌላ የሚያስገባ አልነበረም። ሌላ ዘመድ የላትም፤ ክረምቱም ገብቷል።

ልብስ ሰፊው ሐዋርያው ስለ ኮበለለ ባሪያ ለጌታው የላከውን አጭር መልእክት በቃሉ ያውቀዋል።

«አየሽ ልጄ፣ ለአንድ ሰው እየጻፈ በቤቱ ለሚሰበሰቡትም ሰላምታ ይልካል። ሰውየው ሁሉ እየሰማው እንዴት እምቢ ይላል? እኛም እንደዚያ እናድርግ።»

«አጎቴን አያውቁትም፣ ጋሼ።»

«ይሉኝታ የሌለው ሰው የት አለ?»

«አለ። ዳቦ ቤት ከፍቷል።»

ቢሆንም ለአጎቷ ደብዳቤ ጻፈ። አጎቷ የጉባኤው ሽማግሌ ስለሆነ «አንተ» ማለት ነውር መሰለው። እናም በአክብሮት «እንደ ልጅ ይቀበሏት» አለ።

እሑድ በጉባኤው ፊት ሊያነበው ሲነሳ አጎቷ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ። «ስሜ ያለበትን እኔው ላንብበው» አለ። ለእሱ የተጻፈውን ምስጋና ጮክ ብሎ አነበበ፤ እንባውም መጣ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እጁን በሁላችን ላይ ዘረጋ።

«‹እንደ ልጅ ይቀበሏት› ይላል! እነማን? እነዚህ ወንድሞችና እህቶች ናቸዋ!»

«አሜን!» አልን። እርሾን በየተራ ጉንጯን ስመን፣ ዣንጥላችንን ዘርግተን፣ ሌላው ይወስዳታል እያልን ወደየቤታችን ሄድን።

አጎቷ የዳቦ ቤቱን በር ሲቆልፍ ከኋላው ቆማ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «አንድ አጎት ብቻ ነበረሽ፣ አሁን አዳራሽ ሙሉ አባት አገኘሽ። ከአንዱ ጋር ሂጂ።»

ልብስ ሰፊው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከደብዳቤው ላይ በእርሳስ «ይቀበሏት»ን ሰርዞ «ተቀበላት» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣» አለችው፣ «አሁን ለማን ሊያነቡት ነው?»

ዛሬ የምታድረው ከአዳራሹ ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። የአንዳችንን ልብስ ታጥባለች፣ የሌላችንን በሽተኛ ታገላብጣለች። ልጅ ናትና ደሞዝ አይታሰብላትም። የማን ናት ሲሉን «የሁላችን» እንላለን። ሰው ሲጎድል የአጎቷንም ሊጥ ታቦካለች። እግዚአብሔር ጤናዋን ግን አልነሳትም፤ ተመስገን። አንድ ቀን ደግሞ በር ይከፍትላታል ብዬ እጸልያለሁ።

ልብስ ሰፊው ያንን የሐዋርያውን መልእክት ባነበበ ቁጥር «አንተ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ፊተኛው ወንበር ያያል።

ከፊተኛው ወንበር አጎቷ «አሜን» ይላል።