ስልሳ አንደኛው ዕቃ

ሙዘይን በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በዊልቼር የሚገፋ ሠራተኛ ነበር። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ አሥራ አራት ዓመት በትራንዚተርነት ሠርቷል፤ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ ወረቀቱን ጨርሶ ከጉምሩክ የሚያወጣ እሱ ነበር።

ሥራውን ሲጀምር ስንዴውም ስኳሩም በሰው ትከሻ ነበር ከመርከብ የሚወርደው፤ ቆጣሪውም ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያሰምር ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ግን የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። መርከቦቹ ተራ ጥበቃ ባሕሩ ላይ ቆሙ፤ ከባድ መኪናዎቹም ከከተማው ውጭ ተሰለፉ። ከዚያ ወደቡን የሚያስተዳድር የውጭ ድርጅት መጣ፣ ኮምፒውተር ገባ፣ ክሬን ተተከለ። ሙዘይን ዲቪ ደርሶት ከሄደ በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ዶራሌ ላይ ለኮንቴይነር ብቻ የሚሆን አዲስ ወደብ ተሠራ።

በ2009፣ በአሜሪካ የበረዶ ወራት፣ የደሴና የአካባቢዋ ተወላጆች ለአንድ ጤና ጣቢያ ያገለገሉ የሕክምና አልጋዎች ሲሰበስቡ፣ የወደብ ነገር የሚያውቅ እሱ ነው ብለው ኃላፊ አደረጉት። ሴንት ፖል በሚገኝ መጋዘን፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ስልሳ ዕቃ አስጭኖ ዝርዝሩ ላይ ፈረመ። ኮንቴይነሩ በባቡር፣ ከዚያም በመርከብ ሄደ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ሥራ ላይ እረፍት እንደወጣ ዱጋሳ ደወለለት። ዱጋሳ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ጅቡቲ አብረው ሠርተዋል፤ አልጋዎቹንም በራሱ የትራንዚት ፈቃድ የሚረከበው እሱ ነበር።

«ኮንቴይነሩ ተይዟል» አለው። «ዝርዝርህ ስልሳ ይላል፣ የወደቡ ኤክስሬይ ስልሳ አንድ አሳየ። አንዱ ሳጥን ውስጡ አይታይም።»

«አይታይም ማለት?»

«ድፍን ነገር ነው። እሁድ ጠዋት ፖሊስ ባለበት ይከፈታል። ሙዘይን፣ ምንድነው የላክኸው?»

በእሱ ጊዜ ቢሆን ያ ሳጥን ከአልጋዎቹ መሃል ሳይታይ ያልፍ ነበር። ሙዘይን ራሱ በሚገፋው ዊልቼር ላይ ተቀመጠ። ለዜግነት ኢንተርቪው ሊቀርብ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስሙ ሙዘይን ነው፣ የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ፊርማው ምን እንዳለበት ባልታወቀ ሳጥን ወረቀት ላይ አለ። ወደ ቤት በባቡር ሲመለስ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ባጁን የሚያነብ መሰለውና ጃኬቱን ዘጋ።

ሲዋርድ ሰፈር ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ለከድሪያ ነገራት። ከድሪያ በሩን ቆለፈች፤ ከዚያ ማን ማን እንደጫነ ጠየቀችው። ስድስት ሰዎች ነበሩ። አንድ በአንድ ሲያስባቸው፣ ለዓመታት አብረውት የበሉ ሰዎች ፊት ተለወጠበት። ይሄኛው ለምን ያን ያህል ቸኮለ? ያኛው ለምን ራሱ ልዝጋው አለ? እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

አርብ ዕለት ደውሎ ሁሉንም ጠየቀ። አምስቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ስድስተኛው አለልኝ ግን፣ ስመኝን ጠይቃት አለው።

ስመኝ ኩን ራፒድስ ከተማ የምትኖር ነርስ ረዳት ናት። ባሏ በሪሁን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በረዶ ላይ ተገልብጦ ሞተና ሬሳው ደሴ ተልኮ ተቀበረ። ሙዘይን በሯ ላይ ሲቆም ገና ሳይናገር ማልቀስ ጀመረች።

«ጋሽ ሙዘይን፣ የመቃብሩ ድንጋይ ነው» አለችው። ሴንት ፖል አስቀርጻው ነበር። ኮንቴይነሩ ከሕክምና ዕቃ በቀር አይቀበልም ሲባል ከአለልኝ ጋር ሆነው ሳጥኑን የአልጋ ብረት ብለው ጻፉበት። ሙዘይን ትዝ አለው፤ ሳጥኑን አይቶት ነበር። ብርዱ አስቸኩሎት ሳያስከፍት፣ ሳይቆጥር አልፎታል።

«አላውቅም በል» ብላ ለመነችው። «እኔ ልጠየቅበት።»

መኪናው ውስጥ ገባ። አላውቅም ማለት ይቻላል። ግን ዕቃውን የሚረከበው ዱጋሳ ነው፣ የሚታሰረውም ዱጋሳ ነው። ሳጥኑ ሳይከፈት እውነቱን ጽፎ እንደሚልክ ደውሎ ሲነግረው ዱጋሳ ራሱ አስጠነቀቀው።

«ከጻፍክ ጥፋቱ ያንተ ነው። እዚያ አገር ምን እንደሚያደርጉህ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ሙዘይን። ደብዳቤውን በፋክስ ላከው፤ ቁጥሩን የደወለችለት ልጁ ኢሽራቅ ናት። በእንግሊዝኛ፣ አባቴ፣ ምን አድርገህ ነው ብላ ጠየቀችው።

እሁድ ሳጥኑ ተከፈተ። ድንጋይ ነበር። አልጋዎቹ ከአንድ ወር በኋላ ተለቀቁ፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ጅቡቲ የጉምሩክ መጋዘን ቀረ።

ኢንተርቪው ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ ከወረቀቷ እያነበበች ጠየቀችው፤ ለመንግሥት ባለሥልጣን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተህ ታውቃለህ? ከእሱ በፊት የገቡት ሁሉ አይ ብለው አልፈዋል። እሱ ግን ሁሉንም ነገራት፤ የደብዳቤውንም ኮፒ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። መጻፏን አቆመች፣ አየችው፣ ውሳኔው በፖስታ ይደርስሃል ብላ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ወራት ሙዘይን ሲያወራ ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የፖስታ መኪና ድምፅ ሲሰማ ሽንት ቤት ይገባ ነበር። ፖስታው በመጣ ጊዜም የከፈተችው ከድሪያ ናት፤ የዜግነት መሐላው ቀን ተጽፎበት ነበር።

ድንጋዩን በሚቀጥለው ዓመት ዱጋሳ አስለቀቀው። ወደ ደሴ የሚወስደው ሾፌር ጽሑፉን አንብቦ ሟቹ የሙያ ጓደኛው መሆኑን ሲያውቅ፣ ዱቄት ከላዩ አይጫንበትም ብሎ ለብቻው አሰረው። ስመኝ የመቃብሩን ፎቶ ይዛ ሲዋርድ መጣች። ሙዘይን ፎቶውን ተቀብሎ አየና፣ በሪሁን የሚለው ስም ላይ አንዷ ፊደል ተጣማ መቀረጿን አሳያት። እሷም ከመጀመሪያው እንደምታውቅ ነገረችው።