ደም የሰጠነው ሰው የማን ልጅ ነው?

እህቴ ወታደር ቤት በገባችበት ዕለት ጉንጯን በጥጥ ጠርገው ናሙና ወሰዱ፤ እኛም ረሳነው። ዘንድሮ ስልክ ተደወለ፦ ደሙ የታመመ፣ መቅኔው ከእሷ ጋር የሚገጥም ሰው ተገኝቷል፤ ግንደ ሕዋስ ትሰጠዋለች ወይ? «እሰጣለሁ» አለች። ግን መሣሪያ ተሸክማ የምትዞረው እህቴ ያለ አያታችን ፈቃድ የትም አትሄድም።

አያቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የማን ልጅ ነው?»

«ምስጢር ነው አባባ» አለች እህቴ። «ስሙንም አይነግሩንም።»

«ስሙን ተይው። የማን ልጅ ነው?»

እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ለአያቴ ደግሞ ደም መስጠትም መዛመድ ነው። ስለዚህ ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሌ ከሃዒር ሃዓቲቃ፣ ከቤርሼቫ አሮጌው ከተማ፣ በአውቶቡስ ተጠሩ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ልፈነዳ! በመጨረሻ የባዮሎጂ ትምህርቴን የሚፈልግ ሰው ተገኘ።

«ግንደ ሕዋስ ደም የሚያበቅል እናት ሕዋስ ነው። የእህቴ ከገባለት በኋላ የሰውየው ደም በሙሉ የእሷ ይሆናል። ደሙ ቢመረመር ‹ሴት ናት› ነው የሚለው!»



«እንግዲያው ወንድሟ ሆነ» አሉ ሽማግሌው።

«ከአጥንቷ ወጥቶ ወንድም? ልጇ ነው እንጂ!» አሉ አያቴ።

«ያለ ባል ወለደች ልንል ነው?»

«ማ ፒቶም! ምን ሲደረግ!» ብላ ጮኸች እህቴ።

«ዝም በይ አንቺ» አሉ አያቴ። «ነገ እዚሁ ቤርሼቫ አውቶቡስ ላይ ተገናኝታችሁ ብትፋቀሩስ? ሰባት ቤት አይደለም፣ ግማሽ ቤት የለም። ራስሽን አገባሽ ማለት ነው!»

አያቴ ያቺ ስልክ የደወለችልን ነርስ ጋ አስደወሉኝ። «የእሱን ስም አንፈልግም በያት። ሰባት አባቶቹን ብቻ ትንገረን።» በዕብራይስጥ ተረጎምኩላት። ነርሷ ቀስ ብላ፣ «እባካችሁ፣ በሽተኛው ብዙ መቆየት አይችልም» አለችኝ።

ይህንንም ተረጎምኩ። እኔ ጋ የቀረችው አንዲት እውቀት ደግሞ በሽማግሌ ፊት የምትነገር አልነበረችም። ምንጣፉን እያየሁ፣ «የሚወልዳቸው ልጆች ግን... የራሱ ናቸው። ደሙ ነው እንጂ... ያኛው አይቀየርም» አልኩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህቴ ትራስ ነክሳ ሳቀች።

አያቴ ተነሡ። «ወንድምም ይሁን ልጅ፣ ዘመድ ነው። ዘመድ ታሞ ቁጭ ብሎ ዘር አይቆጠርም። ሂጂ።»

የሰጠች ዕለት ሁላችንም ሆስፒታል ነበርን። ደሟ በአንድ ክንዷ እየወጣ፣ በማሽን እያለፈ፣ በሌላው ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ስስ የቲማቲም ሾርባ የሚመስል ነገር በአንዲት ትንሽ ከረጢት ሞላ። የሚያደርሰው ሰውዬ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ መጥቶ ከረጢቷን ከተተ። አያቴ ግን ሣጥኑ ላይ ሁለት እጃቸውን ጫኑ።

«እሱ የማን እንደሆነ ለእኛ አይነገር፤ እሺ። የማን ዘመድ እንደሆነ ግን ይወቅ» ብለው ሰባቱን አባቶቻችንን ለከረጢቷ መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ሰውየው ሰዓቱን አየ።

«እንዳታቋርጣቸው!» አሉ ሽማግሌው፣ «ከተሳሳቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነው!»

ስተረጉምለት ሰውየው ደነገጠ፤ የቀሩትን ሁለቱን በጣቱ አብሮ ቆጠረ። ሰባተኛው ሲያልቅ ሣጥኑን አንስቶ በኮሪደሩ ሮጠ።

«ለእኔስ ምርቃት የለም?» አለች እህቴ ከወንበሯ።

«አንቺማ ደህና ነሽ» አሉ አያቴ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ያን የማያውቁትን ሰው ይመርቁት ጀመር።